ያልነገረችው ትርጉም

ታፔላው በነጭ አንሶላ ተሸፍኖ ከአዲሱ ሱቅ በር በላይ ተሰቅሎ ነበር። ባለ ሱቁ የአንሶላውን ጫፍ በአንድ እጁ ይዞ ከመሰላሉ ሥር ቆሟል፤ ዓይኑ ግን ከመንገዱ ማዶ አልተነቀለም። ፍቅረኛው በምሳ ሰዓት ከመሥሪያ ቤቷ ሹልክ ብላ ስትመጣ ባያት ጊዜ ፊቱ በራ። እሷም ያንን ብርሃን ከሩቅ አይታ እርምጃዋን አፈጠነች።

መንገዱ የታፔላ ሠሪዎች ተራ ነው። ግራና ቀኝ ጽሑፍ የሚጽፉ፣ መስታወት የሚቆርጡ፣ ቆርቆሮ የሚያጥፉ ሰዎች በር ለበር ተደርድረው ይሠሩበታል፤ አየሩ ዘወትር ቀለምና ቤንዚን ይሸታል። እሱም እዚሁ በሰው ሱቅ ተቀጥሮ ለዓመታት ሲጽፍ ቆይቶ ዛሬ የራሱን ሊከፍት ነው። ጓደኞቹ «ቀለሜ» ይሉታል። ቀለሜ ማለት ደብተሩ ላይ ተደፍቶ የሚውል ጎበዝ ተማሪ ነው፤ እሱ ግን ትምህርቱን በልጅነቱ አቋርጦ የተደፋው የቀለም ቆርቆሮ ላይ ስለሆነ፣ ስሙን ያወጡለት ሰዎች በጠሩት ቁጥር ይስቃሉ። እሱም አብሯቸው ይስቃል። እሷም ቀለሜ ትለዋለች፤ እሷ ስትለው ግን ማንም አይስቅም።

ያሳደገችው አክስቱ በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ነበር። «ነይ እንጂ ልጄ» አለቻት፣ «አንቺን ስንጠብቅ ሥራ ፈታን። ከጠዋት ጀምሮ ይቺን አንሶላ እንደ ሙሽራ ነው የሚጠብቃት፣ ማንንም አያስነካም።»

ጎረቤቶቹ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ወጡ። እሱ ንግግር አላደረገም። አንሶላውን ሳብ አደረገው፤ ጨርቁ ትከሻው ላይ ወረደ።

መደቡ ጥልቅ ሰማያዊ ነው። ፊደሎቹ ወርቅማ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ከጎናቸው ቀጭን ጥላ አላቸው፤ ፀሐይ በእርግጥ የወደቀችባቸው ይመስላሉ። ከሥር በትንንሹ «የታፔላና የጽሑፍ ሥራ» ይላል። ከላይ ግን፣ በእንግሊዝኛ፣ በትልቁ፣ አንድ ቃል ብቻ ተጽፏል። ኮመን።

ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ «የጋራ» አላት። «የእኔና የአንቺ ማለት ነው። መሃል ላይ ያሉትን ሁለቱን መንትያ ፊደሎች አየሻቸው? ትከሻ ለትከሻ አስነክቼ ነው የጻፍኳቸው። አንዷ አንቺ ነሽ።»

ሰው አጨበጨበ። መስታወት ቆራጩ ከእነዚህ ሁሉ ዓመታት በኋላ ቀለሜ ትርጉሙን የሚያውቀውን እንግሊዝኛ ጻፈ ብሎ ቀለደ። እሷ ቀና ብላ ታያለች። ስድስቱ ፊደሎች ከላይ ሆነው አንድ በአንድ የሚያይዋት መሰላት።

«ያምራል» አለች በመጨረሻ። ድምፅዋ ተሰበረ፤ ዓይኗም ሞላ።

አክስትየዋ ተነሥታ አቀፈቻት። «አየህ» አለችው የወንድሟን ልጅ፣ «ደስታ ያስለቅሳል ስልህ አላምን ብለህ ነበር።»

እሱ በዚያች ቀን፣ በአክስቱ ፊት፣ እስከ ዛሬ ያላለውን ተናገረ። ሱቅ ሳይኖረው እናቷ ፊት ባዶ እጁን መቆም አልፈለገም ነበር፤ አሁን ግን በመጪው እሑድ መጥቶ ልጅዎን ይስጡኝ ይላቸዋል። እሷም ራሷን በእሺታ ነቀነቀች። አክስትየዋ ጀርባዋን እየደባበሰች ሳለ፣ የአንዲት ደግ ሴት እጅ እንዲህ ሊከብድ እንደሚችል ያወቀችው ያን ጊዜ ነው።

*

ቃሉ ወደ እሱ የደረሰው በእሷ በኩል ነው።

እሷ አስተርጓሚ ናት። በትልቅ ሕንፃ ውስጥ፣ ውሎችንና ደንቦችን ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ትመልሳለች። ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዩት እሱ በክፍሏ በር ላይ የክፍሉን ስም ሊጽፍ በመጣ ጊዜ ነበር። ከእንግሊዝኛው አንዲት ፊደል ዘሎ ነበርና፣ እሷ ስታልፍ አይታ ሳቀች። ከዚያ የጆሮውን ጫፍ አየች፤ ቀልቷል። ጠረጴዛዋ ላይ ተቀምጣ ሥራ እንቢ ስላላት ተመልሳ ወጥታ ይቅርታ ጠየቀችው። የእንግሊዝኛ ፊደልን እንደ ሥዕል አይቶ እንደሚገለብጥ፣ ማንበብ ግን እንደማይችል ያን ዕለት ነገራት። ሳይሸማቀቅ ነው የነገራት። ከዚያ ወዲህ ምሳ ሰዓት ላይ እየመጣ፣ ደንበኞቹ የሚያጽፉትን ቃል እያሳየ፣ ይህ ምን ይላል፣ ይህስ ይላታል። ፍቅራቸው እንዲህ ቃል በቃል መጣ።

የእናቷ ቤት ሌላ ነው። በአንድ አሮጌ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ወንበሮቹ ሁሉ ተወልውለው፣ የሟች ዳኛ አባቷ መጻሕፍት በመስታወት ውስጥ ተደርድረው ይኖራሉ። እናቷ ወጣትነታቸውን በውጭ አገር አለቆች ጸሐፊነት ነው ያሳለፉት። የቤት ሠራተኛዋ እንዳትሰማ የፈለጉትን ነገር ሁልጊዜ በእንግሊዝኛ ይናገራሉ። በዚያ ቤት እንግሊዝኛ መጋረጃ ነበር፤ ሳብ ይደረግና ከጀርባው ይወራል።

ሱቁ ከመከፈቱ ከሳምንታት በፊት ምሳ ጋበዙት። ሸሚዙን ተኩሶ፣ ጥፍሩን በቤንዚን ፈትጎ መጣ። ሾርባውን ጠጥቶ ሲጨርስ በደንብ ጮክ ብሎ «እጅዎ ይባረክ» አላቸው። ሾርባውን የሠራችው ሠራተኛዋ ስለነበረች፣ ሳህን ልታነሣ ገብታ ስትሰማው ሳቋን በትከሻዋ ደበቀች። እናቷ ፈገግ አሉ። ከዚያ መጋረጃውን ሳቡ። ለምሳው ወደ መጣው የልጅቷ አጎት ዞር ብለው፣ ልጁ ጨዋ እንደሆነ፣ ግን ቬሪ ኮመን እንደሆነ በእንግሊዝኛ ተናገሩ፤ አጎቷም በርኅራኄ ራሱን ነቀነቀ።

እሱ ቃሉን ያዘው። ደረጃውን ሲወርዱ ጠየቃት፣ «እናትሽ ኮመን ያሉኝ ምን ማለታቸው ነው?»

ያን ጠዋት የአንድ መኖሪያ ሕንፃ ደንብ ስትተረጉም ነበር ያረፈደችው። የጋራ ግድግዳ፣ የጋራ ደረጃ፣ የጋራ ግቢ፣ የጋራ ጣሪያ። በእንግሊዝኛው ሁሉም ኮመን ናቸው። ቃሉ ምላሷ ላይ ተዘጋጅቶ ተቀምጦ ነበር።

«የጋራ ማለት ነው» አለችው።

ደረጃው ላይ ቆመ። «ስለ እኔ ነው የጋራ ያሉት?»

«ከእኛ ጋር የሚያመሳስልህ ነገር አለ ማለቷ ነው።»

እጁን የደረጃው መደገፊያ ላይ አሳረፈ። ከዚያ፣ «እኔ ደግሞ የጠሉኝ መስሎኝ ነበር» አለ፤ የቀረውንም ደረጃ እንደ ልጅ ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ወረደ።

ትርጉሙ ውሸት አልነበረም፤ የትኛውም መዝገበ ቃላት ይመሰክርላታል። ውሸቱ ከኋላ የቀጠለችው ዓረፍተ ነገር ነው። እሱንም ያን ጊዜ ከደግነት ቆጥራው ነበር። አሁን ደግነቷ በሰማያዊ መደብ ላይ፣ በወርቅማ ቀለም፣ አላፊ አግዳሚው ሁሉ በሚያየው ቦታ ተሰቅሏል።

*

ከዚያ ወዲያ ቃሉ በሄደችበት ሁሉ ይጠብቃት ጀመር። ስለ ጤና በተጻፈ ወረቀት ላይ ከጉንፋን በፊት ተቀምጦ አገኘችው፤ እዚያ የተለመደ ማለት ነው። በአንድ ውል ላይ ከስህተት በፊት መጣ፤ እዚያ ብዙ ሰው የሚሠራው ማለት ነው። ሌላ ቦታ ከዕውቀት ጋር ተጣምሮ ሁሉም የሚያውቀው ነገር ሆነ። ብዕሯን አስቀመጠች። ከአንድ ሰው በቀር ሁሉም የሚያውቀው ነገርን በአማርኛ ምን ይሉታል?

ለእሱ ለመንገር ወስና ሐሙስ ዕለት ከሥራ በኋላ ወደ ሱቁ ሄደች። ለአንድ ሐኪም ቤት ነጭ ሰሌዳ ያዘጋጅ ነበር። ጠመኔ የነካ ክር በሁለት ጫፍ ወጥሮ በጣቱ ሳብ አድርጎ ሲለቀው ሰሌዳው ላይ ቀጭን መስመር ቀረ። ክሩን ጫፍ እንድትይዝለት ሰጣትና አብረው ሁለተኛውን መስመር መቱ። ጣቷ ጠመኔ ለበሰ። ያንን ይዛ እንዴት ትናገር?

«ስሙን ብትቀይረውስ?» አለችው።

«የምኑን?»

«የሱቁን። ለደንበኛ የሚቀል ስም ይሻል ይሆናል ብዬ ነው።»

ክሩን እያጠነጠነ አያት። በዓይኑ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ልክ ያልመጣ ፊደልን የሚያይበት ዓይን ነበር።

«የጋራ ነገር ብቻውን የሚቀይር ሰው የለም» አለ። «ቀይር ካልሽኝ እቀይረዋለሁ፤ ከቀለም አይበልጥ። ግን ምክንያቱን ንገሪኝ። ከእኔ ጋር አንድ ላይ መጻፍሽ አሳፈረሽ?»

«አይደለም።»

«ታዲያ?»

አሁን ነው፣ አለች በልቧ። አፏን ከፈተች። ደረጃው ላይ የዘለለው መዝለል ትዝ አላት።

«ዝም ብዬ ነው» አለች። «ተወው፤ ያምራል።»

እሱ ወደ ሰሌዳው ተመለሰ። ልትሄድ ስትል መንገድ እስኪያሻግራት ድረስ ተከትሏት ወጥቶ፣ የአንገት ልብሷን አስተካከለላትና፣ እሑድ የሚመጣበትን ሰዓት ደግሞ ጠየቃት። ስትመልስለት ዓይኑን ማየት አልቻለችም። እሱ ግን የፈራችው እናቷን መስሎት፣ «አይዞሽ፣ እርሳቸው እኮ አስቀድመው ወደውኛል» አላት። ያንን አይዞሽ እስከ ቤቷ ድረስ እንደ ድንጋይ ተሸክማው ሄደች።

*

እሑድ አጎቷ ቀድሞ ደረሰ። ካፖርቱን ሳያወልቅ ነበር የጀመረው። በታፔላ ሠሪዎቹ መንገድ መኪናውን እየነዳ ሲያልፍ ያየውን ጉድ ቢነግራቸው አያምኑም። ያ የሾርባው ልጅ ሱቅ ከፍቷል፤ ማንም ሳይቀድመው ኮመን ብሎ ራሱ በራሱ ላይ ጽፏል።

እናቷ መጀመሪያ አልገባቸውም። ሲገባቸው ግን መነጽራቸውን አውልቀው ሳቁ፤ ሳይፈልጉት የመጣ፣ ትከሻ የሚያንቀጠቅጥ ሳቅ ነበር። አጎቷ ደግሞ ቃሉን አየር ላይ በጣቱ እየጻፈ አሳያቸው። ከዚያ ሁለቱም ወደ እሷ ዞሩ፤ ለምን እንደማትስቅ የሚጠይቅ ዓይን ነበር።

ሳቀች። አጭር፣ ሳል የመሰለች ሳቅ ናት። ገና ከአፏ ወጥታ ሳታልቅ የበሩ ደወል ጮኸ።

እሱ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር በብብቱ ይዞ ገባ። ባለፈው ሲመጣ የበራቸው ቁጥር መደብዘዙን አይቶ ነበርና፣ በትንሽ እንጨት ላይ አዲስ ጽፎላቸው መጥቷል። እናቷ ተቀበሉት፤ በጣታቸው የቁጥሩን ጠርዝ ዳሰሱ፤ ልባዊ በሆነ ድምፅ በጣም ያምራል አሉ። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር እዚያው ላይ ቢቆም ኖሮ ደህና ነበር።

ምሳ ቀረበ። አጎቷ የናፕኪኑን ጫፍ እያስተካከለ፣ «ሱቅህን አየሁት፣ ጎበዝ» አለ። «ስሙን ማን አወጣልህ?»

እሱ ይህን ጥያቄ የሚጠብቀው ይመስል ቀና አለ። እጁን ከጠረጴዛው ላይ አንሥቶ ጭኑ ላይ አደረገ።

«እርሳቸው ናቸው» አለ ወደ እናቷ እያመለከተ።

«እኔ?»

«አዎ። ምሳ በጋበዙኝ ዕለት ስለ እኔ በእንግሊዝኛ የተናገሩት ነው። እኔ እንግሊዝኛ አላውቅም፤ ትርጉሙን ደረጃው ላይ ጠይቄ ነው የተረዳሁት። ከእርስዎ በፊት ከእኛ ጋር አንድ ነህ ያለኝ ሰው የለም። ስለዚህ ከበሬ በላይ ሰቀልኩት። ዛሬ ሌላም የምጠይቅዎት ነገር አለኝ፤ መጀመሪያ ግን አመሰግናለሁ ልበልዎት።»

ማንም አልሳቀም። ሳቅ ቢኖር ይሻል ነበር። አጎቷ ማንኪያውን አገላብጦ ጀርባውን መረመረ። የእናቷ ፊት ከአንገታቸው ጀምሮ ቀላ፤ እጃቸው ያንን ትንሽ እንጨት ፈልጎ አገኘና ወደ ራሳቸው አስጠጋው፤ ለምን እንዳስጠጉት ራሳቸውም የሚያውቁ አይመስሉም።

እሱ ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ፊት አየ። መጨረሻ ላይ ወደ እሷ። እሷ የገበታውን ልብስ ታያለች፤ የክሩን አካሄድ፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች። ቀና ማለት አልቻለችም። ከቃሏ በፊት የተደፋው አንገቷ ተርጉሞለት ነበር።

«ሌላ ትርጉም አለው እንዴ?» አለ በዝግታ።

አጎቷ፣ እንግሊዝኛ ሰፊ ቋንቋ እንደሆነ፣ አንድ ቃል ብዙ ነገር ሊሆን እንደሚችል ማስረዳት ጀመረ። እሱ በአክብሮት እስኪጨርስ ጠበቀው። ከዚያ እንደገና ወደ እሷ፣

«አስተርጓሚዋ አንቺ ነሽ። አንቺ ንገሪኝ።»

«ተራ» አለች።

«የምን ተራ?»

ከልቡ ነው የጠየቀው። በእሱ ዓለም ተራ የሚሠራበት መንገድ ነው። ደንበኛ የሚጠብቀው ወረፋ ነው። የእኔ ተራ፣ የአንተ ተራ ነው። ያንን ሁሉ አንድ በአንድ ሲያስብ በፊቱ ላይ አየችው፤ ከዚያ ፍለጋው እንዲያበቃ ስትል ብቻ፣

«ተራ ሰው» አለችው።

ራሱን ነቀነቀ። ሌላ ጊዜ አንድ ቃል ስታስረዳው የሚነቀንቀው ዓይነት መነቅነቅ ነበር፤ እንደገባው ለመንገር። ናፕኪኑን በአራት አጠፈና ሳህኑ አጠገብ አኖረ። ወንበሩን እንዳይጮህ አንሥቶ ወደ ኋላ አደረገው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ ለእናቷ። «ምግቡ በጣም ጥሩ ነበር። ለሠራችው ልጅ ይንገሩልኝ።»

ደረጃውን ሲወርድ ሰሙት። አንድ በአንድ ነው የወረደው።

አጎቷ ካፖርቱን አንሥቶ ሰበብ ፈልጎ ወጣ። እናቷ ያንን የበር ቁጥር አሁንም ይዘውታል። እሷ፣ «አንቺ ነሽ ያልሽው» አለቻቸው፤ «ቃሉ ያንቺ ነው።»

እናቷ አልተቆጡም። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር፤ አባቷ ከሞቱ ወዲህ እንዲህ ዝቅ ብሎ አልሰማችውም።

«አዎ፣ የኔ ነው። ነውርም ነው፤ እኔ ከጀርባው አማሁት። አንቺ ግን፣ ልጄ፣ ግንባሩ ላይ አጻፍሽው።»



*

ሰኞ መሥሪያ ቤት አልሄደችም። ጠዋት በታፔላ ሠሪዎቹ ተራ ስታልፍ ሰው ሁሉ የሚያያት መሰላት፤ ማንም ግን አላያትም፤ ሁሉም ሥራው ላይ ነበር። ታፔላው ተነቅሎ ይሆናል ብላ ነበር የመጣችው። አልተነቀለም። ነጩ አንሶላ ተመልሶ ተሸፍኖበታል።

ሱቁ ውስጥ ደንበኞች አሉ። አንድ ፀጉር አስተካካይ የዋጋ ሰሌዳ ሊያጽፍ፣ አንድ ባለ መኪናና አንዲት ባለ ሱቅ ደግሞ ለየጉዳያቸው ረጅሙ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። አክስትየዋ ጥግ ላይ ብሩሽ ትጠርጋለች። ስታያት አልተነሣችም። «መጣሽ ልጄ» ብቻ አለች፤ ልጄ ማለቱን ግን አልተወችውም፤ ከስድብ ሁሉ የከፋው እሱ ነበር።

እሱ ጀርባውን ሰጥቶ ይጽፋል። መስመሩ እንዳይዛባ እጁን ሰሌዳው ላይ በተደገፈ ዘንግ ላይ አሳርፎ፣ የአንዲት ፊደልን ጅራት ወደ ታች እያወረደ ነበር። ከኋላው ሄዳ ቆመች።

«ላናግርህ ፈልጌ ነበር።»

ብሩሹን አላነሣም፤ ጅራቷን ጨረሰ።

«ተራ አለ» አለ።

ድምፁ ውስጥ ምሬት ፈለገች፤ አላገኘችም። ለማንም ደንበኛ የሚለውን ነው ያላት፤ ያም የበለጠ ጎዳት። ወንበሩ ላይ ያሉት ትንሽ ጠጋ ጠጋ አሉላት። መጨረሻው ላይ ተቀመጠች። በሕይወቷ ወረፋ ጠብቃ እንደማታውቅ ትዝ አላት፤ በየሄደችበት የአባቷ ስም ቀድሟት ይገባ ነበር።

ፀጉር አስተካካዩ ዝም ማለት የማይችል ሰው ነበር። «ቀለሜ» አለ፣ «ገና ሳምንት ያልሞላውን ታፔላ ለምንድነው የሸፈንከው? ዝናብ የለ፣ ፀሐይ የለ።»

«ትርጉሙ እየተጣራ ነው» አለ ሳይዞር።

«ለመሆኑ ምን ነበር የሚለው?»

ብሩሹ ቆመ። «አስተርጓሚዋ አለች፤ መጨረሻው ላይ ተራ ይዛ ተቀምጣለች። እሷን ጠይቃት።»

ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ። አክስትየዋ ብሩሽ መጥረጓን ተወች። አስተርጓሚዋ ፊቷ ሲግል ተሰማት። ተነሥታ መውጣት ትችል ነበር፤ በሩ ክፍት ነው። ጀርባውን አየች። ጠብቆ የተያዘ ጀርባ ነበር፤ ነገር የሚጠብቅ ሰው እንዲህ ነው የሚቆመው።

«ኮመን ይላል» አለች። «ብዙ ትርጉም አለው። አንዱ የጋራ ነው፤ ለእሱ የነገርኩት ያንን ነው። ሌላው ደግሞ ተራ ነው። በሰው ላይ ሲነገር ስድብ ነው። እኛ ቤት ስለ እሱ የተባለው ይሄኛው ነበር። እኔ ሁለቱንም እያወቅኩ አንዱን ደበቅኩት።»

ውጭ ቆርቆሮ የሚቀጠቅጥ ሰው ነበር፤ እሱም ቆመ መሰላት።

«እሱ እንዳያዝን ነው እያልኩ ራሴን ሳታልል ከረምኩ። አልነበረም። እኔ እንዳላፍር ነበር። ትናንት ደግሞ እሱ ከመግባቱ በፊት በስሙ ሲሳቅ አብሬ ስቄያለሁ። እሱ ይህን አያውቅም።»

ባለ ሱቋ ሴት ጉልበቷን አሸች። ከዚያ ፀጉር አስተካካዩ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እህቴ፣ እኔ ትምህርት የለኝም፤ ግን ስድቡ የቱ ጋ እንዳለ አልገባኝም። ተራ ውስጥ ያለ፣ የተራ ሰው ሱቅ ነው፤ እኛም ተራ ጠብቀን ነው የምንገባው። ከዚህ በላይ ልክ የሆነ ታፔላ በዚህ መንገድ የት አለ?»

ሰው ሳቀ። አክስትየዋ እንኳ አፏን በመዳፏ ሸፈነች። የእሱ ትከሻ ተንቀጠቀጠ፤ ከሳቅ ይሁን ከሌላ፣ ከኋላው ተቀምጣ ልትለይ አልቻለችም። ብሩሹን ቤንዚን ውስጥ ነክሮ ጠረገ፤ በጣም ረጅም ጊዜ ጠረገው። ከዚያ ዞረ። ዓይኑ ቀልቷል። አያት፤ ይቅር የሚል እይታ አልነበረም፤ የሚያባርርም አልነበረም። አንድ የደበዘዘ ሰሌዳ ሲያይ፣ ተፍቆ እንደገና ይጻፍበት ይሆን ወይስ እንጨቱም በስብሷል እያለ የሚያይበት ዓይን ነበር።

ነፋስ ከበሩ በላይ ያለውን አንሶላ ጫፍ አነሣው፤ መንትያዎቹ ፊደሎች ብቅ ብለው ተመልሰው ተሸፈኑ።

«እሺ» አለ ለሁሉም፣ «ተራው የማን ነው?»

ፀጉር አስተካካዩ ወደ እሷ አገጩን ወርወር አደረገ። «የኔ ነበር፤ ለእሷ ሰጥቻለሁ።»

«አይሆንም» አለች። «የእርስዎ ነው። እኔ እጠብቃለሁ።»

ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ወደ ወንበሩ ጥግ ተመለሰች። ፊቷ አሁንም እንደጋለ ነው፤ እፍረቱም አልለቀቃትም። ግን ለመጀመሪያ ጊዜ አልሸሸገችውም። እፍረቱ እንደ ሌላ ደንበኛ አጠገቧ ተቀምጦ፣ ከእሷ ጋር ተራውን ይጠብቅ ነበር።